ብርድ ነው ያልኩት እኔ ነኝ

ያደግሁበት ቤት ሙቀት መድኃኒት ነው ብሎ ያምናል። ወገቡን የያዘው፣ እግሩ የደነዘዘው፣ ፊቱ የተጣመመው ሁሉ ብርድ የመታው ነው፤ ለብርድ ደግሞ ጋቢ አለ፣ ትኩስ አጥሚት አለ፣ እሱ ካልበጀ ፍል ውሃ አለ። አዲስ አበባስ ብትሆን የተቆረቆረችው ፍል ውሃ ዳር አይደል? ስለዚህ የታናሽ እህቴ እግር ሲደነዝዝ ፍል ውሃ የወሰድኳት ባለማወቅ ነው ብል የሚያምነኝ አላጣም። እኔም ብዙ ጊዜ ያመንኩት ይህንኑ ነው። ግን ሙሉው እውነት አይደለም።

ሐኪሙ አስቀድሞ ነግሮን ነበር። መልቲፕል ስክለሮሲስ ይባላል፣ ባጭሩ ኤም ኤስ። የሰውነት መከላከያ ኃይል ተሳስቶ የአንጎልን፣ የኅብለ ሰረሰርንና የዓይንን ነርቮች ሽፋን ያጠቃል፤ ሽፋኑ የተላጠ ነርቭ መልእክት በወጉ አያደርስም አለን። ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል፤ ከወንድ ይልቅ ሴት ላይ ይበዛል። ይነሳል፣ ጋብ ይላል፣ ያገረሻል። የኤምአርአይ ፊልሙን ብርሃን ላይ ይዞ ነጫጭ ነጠብጣቦቹን በእስክሪብቶ ጫፍ አሳየን። አየሁ፣ ሰማሁ። ቤት ስንገባ ግን ለጠየቀን ሁሉ «ብርድ ነው» አልኩ።

ለምን እንዳልኩ ራሴን ስጠይቅ፣ ለእሷ አስቤ ነው የሚለው መልስ ቶሎ ይመጣልኛል። ገና ያላገባች ልጅ ናት፤ ስሟ በሰው አፍ እንዳይገባ ብዬ ነው። ይህ ውሸት አይደለም፣ ግን ከበስተኋላው ሌላ አለ። እናታችን ካረፈች ወዲህ ቤቱን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ብርድ ከሆነ አውቅበታለሁ፣ ኤም ኤስ ከሆነ ግን እንደ ማንም ወረፋ ይዤ የምጠብቅ ሰው ነኝ። ሐኪሙ «መድኃኒቱ ግርሻውን ይቀንሳል እንጂ በሽታውን ከሥሩ አይነቅለውም» ሲል ከሥሩ የሚነቅል አለኝ ብዬ በልቤ ተከራከርኩት። ያኔ በዚህ ቃል አላሰብኩትም፤ አሁን ሳየው ግን ይኸው ነው።

ድካሟም ያናድደኝ ነበር። ጠዋት ቡና ያፈላች ልጅ ከሰዓት አልጋ ላይ ትዘረጋለች። ድካም የዚህ በሽታ ዋና ምልክት እንደሆነ ተነግሮኛል፤ ሥራ ባይሠሩም፣ ተኝተው ቢነሱም የማይለቅ ድካም። ሰነፍ ነሽ ብያት አላውቅም። «ተንቀሳቀሽ፣ ይለቅሻል» ነበር የምላት፤ ያው ነው፣ እሷም ያው መሆኑን ታውቃለች።

ፍል ውሃው ውስጥ ትንሽ እንደቆየች እግሯ ከዳት፣ ዓይኗም ደበዘዘ። «እትዬ፣ አውጪኝ» አለችኝ። «ቆይ፣ እየወጣልሽ ነው» አልኳት። አምኜበት ነው። አምኜበት ብቻ ግን አይደለም፤ መኪና ለምኜ፣ አክስቶቼን አስከትዬ ሄጄ «ተሳሳትኩ፣ እንመለስ» ማለት ስለከበደኝም ነው። አክስቶቼ ባይኖሩ ቶሎ አወጣት ነበር ብዬ አስባለሁ። ይህ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል እንጂ አያቀለውም።

ከዚያ ወዲህ ብዙም ሳይቆይ አንድ ቅዳሜ በርበሬ ስንቀነጥስ አንዱን ዛላ ዓይኗ ፊት ይዛ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና ታየዋለች። ቀጥላ ሌላኛውን ትጨፍናለች። ሰፌዱ ላይ መልሳ ሌላ ታነሳለች፣ እንደገና እንዲሁ። «ሥራ ነው ጨዋታ?» ብዬ ተቆጣሁ። ምንም አልመለሰችም።

ሐኪም ቤት የሄድነው ዓይኗን ባንቀሳቀሰች ቁጥር እንደሚያማት መደበቅ ሲያቅታት ነው። ሐኪሙ የጠርሙስ ቀይ ክዳን ይዞ አንዱን ዓይኗን አስከደናትና «ቀለሙ በሁለቱም አንድ ነው?» አላት። «በግራው ገርጥቷል» አለች። የዓይን ነርቭ ሲቆጣ መጀመሪያ ከሚደበዝዙት አንዱ ቀይ ቀለም ነው። በርበሬው ትዝ አለኝ። ለምን አልነገርሽኝም አልኳት፣ እዚያው ሐኪሙ ፊት። «ፍል ውሃ ትወስጂኛለሽ ብዬ» አለች።

ሐኪሙ ነገሩን አስረዳን። ነርቩ ሽፋኑን ካጣ፣ የሰውነት ሙቀት ትንሽ ከፍ ሲል እንኳ መልእክት ማስተላለፍ ይሳነዋል። ጀርመናዊው የዓይን ሐኪም ቪልሄልም ኡትሆፍ በ1890 እ.ኤ.አ. በርትተው ሲንቀሳቀሱ ዓይናቸው ስለሚደበዝዝ ሕሙማን ጽፎ ነበር፤ ምክንያቱ የሰውነት መጋል መሆኑ የታወቀው በኋላ ነው። ኤምአርአይ ሳይመጣ በፊት ሐኪሞች በሽታውን ለመለየት ሕመምተኛውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ያስገቡ ነበር። እነሱ ለምርመራ ያደረጉትን እኔ ለፈውስ አደረግሁት።

ሙቀቱ ያመጣው መዛል ሰውነት ሲቀዘቅዝ ይመለሳል፣ በነርቩ ላይ አዲስ ጉዳት አያደርስም አለኝ ሐኪሙ። እፎይ አልኩ። እፎይታው ግን ቤት እንኳ አላደረሰኝም። በፍል ውሃው ነርቧን አልጎዳሁትም ይሆናል፤ እህቴ ግን ዓይኗን የሚያህል ነገር ሲደበዝዝባት ዝም ማለትን የመረጠችው ከእኔ እንክብካቤ ለመሸሽ ነው። ከበሽታው ይልቅ የፈራችው እኔን ነበር።

አሁን ለብ ባለ ውሃ ትታጠባለች። ቡና ሲፈላ ከሰሉ ከእሷ ራቅ ብሎ ይቀመጣል፣ ፀሐይ ሲበረታ እርጥብ ሻሽ አንገቷ ላይ ታደርጋለች፤ ከሰዓት ስትተኛ በሩን ዘግቼ እወጣለሁ። ይህን ሁሉ ማድረግ ቀላል ሆኖ አገኘሁት፤ ቀድሞም ከባድ አልነበረም ማለት ነው።

ዛሬም አዲስ ነገር ሲሰማት ቀድማ የምትደውለው ለታናሽ ወንድማችን ነው። እኔ የምሰማው ከእሱ ነው።