ከጥቁሩ ግድግዳ ሥር

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ለውድ እኅቴ ለእትዬ፤

የላክሽው በርበሬና ሽሮ በሰላም ገብቷል። የአክስታችን ልጅ የሚኖርበት ሰፈር እንጀራ ቤቱም ፀጉር ቤቱም አማርኛ ስለሆነ፣ እንግሊዝኛ ልለምድ ነው የመጣሁት ብል የሚያምነኝ የለም።

ዋሽንግተን ሄደን ዋይት ሐውስን በአጥሩ በኩል አየነው፤ ከፎቶው ያንሳል። እሱን እንለፈው። የምጽፍልሽ ስለ ቬትናም ጦርነት መታሰቢያ ነው።

ሐውልት ሲባል አንቺና እኔ የምናውቀው ቀና ብለን የምናየውን ነው፤ የስድስት ኪሎውን የሰማዕታት ሐውልት፣ የጥቁር አንበሳውን ትግላችንን። ወደዚህኛው ግን ቁልቁል ነው የሚወረደው። ሜዳው ተቆርጦ ሁለት የጥቁር ግራናይት ግድግዳዎች ቆመውበታል፤ አንዱ ወደ ሊንከን መታሰቢያ፣ ሌላው ወደ ዋሽንግተን ሐውልት ያመለክታል። ጫፋቸው ከመሬት እምብዛም ከፍ አይልም፤ የሚገናኙበት ላይ ግን 3 ሜትር ይደርሳሉ። ስትገቢ ስሞቹ እግርሽ ሥር ናቸው፤ ጥቂት ስትራመጂ ከራስሽ በላይ ይሆናሉ። ከ58 ሺህ በላይ ስም አለ። ማዕረግ አልተጻፈም፤ መኮንኑም ተራ ወታደሩም እኩል ነው። ድንጋዩ እጅግ የተወለወለ ስለሆነ ስም ለማንበብ ስትጠጊ የራስሽ ፊት ከስሞቹ መሀል ይመለከትሻል።

ሐሳቡን ያመነጨው በጦርነቱ የቆሰለ ጃን ስክራግስ የሚባል የቀድሞ ወታደር ነው። ገንዘቡ የሕዝብ መዋጮ ነው፤ መንግሥት የሰጠው መሬቱን ነው። ንድፉን ያወጣችው ደግሞ የ21 ዓመቷ የዬል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ማያ ሊን ናት። እ.ኤ.አ. በ1981 በተደረገው ውድድር 1,421 ንድፎች ያለ ስም፣ በቁጥር ብቻ ቀርበው የእሷ አሸነፈ። ከዚያ የተነሣው ጭቅጭቅ ግን! ጥቁር ነው፣ ጉድጓድ ውስጥ ነው፣ ጀግና የለበትም ብለው የተቆጡ የቀድሞ ወታደሮች ነበሩ፤ የቻይና ስደተኞች ልጅ መሆኗን ያነሡባትም አልታጡም። ግድግዳው በ1982 ተመረቀ፤ ቅር ያላቸውን ለማስማማት ሲባል በ1984 የሦስት ወታደሮች የነሐስ ሐውልት በአቅራቢያው ቆመ። ነሐሱ ጥሩ ሥራ ነው፤ ሰው አጠገቡ ፎቶ ተነሥቶ ያልፋል። ቆሞ የሚቀረው ግን ግድግዳው ጋ ነው።

ስሞቹ በፊደል ተራ አይደለም የሰፈሩት፤ ጉዳቱ በደረሰበት ቀን ነው። መጀመሪያ ነገሩ ግራ አጋባኝ። የሰው ስም የሚፈልግ መግቢያው ላይ ያለውን ወፍራም መዝገብ ገልጦ የግድግዳውን ክፍልና የመስመሩን ቁጥር ማግኘት አለበት። ለምን እንደዚህ እንደሆነ የገባኝ የዘማች ቆብ ያደረጉ አንድ ሽማግሌ ጣታቸውን በአንድ መስመር ላይ ወደ ቀኝ ሲስቡ ሳይ ነው። ይሄ፣ ይሄ፣ ይሄ እያሉ ለልጅ ልጃቸው ያሳያሉ። የአንድ ቀን ጓዶቻቸው ናቸው። በፊደል ቢሆን ኖሮ አንዱ እዚህ፣ ሌላው እዚያ ማዶ ይበተን ነበር። ልጅቷ ወረቀት ድንጋዩ ላይ ዘርግታ በእርሳስ ስታሸው ስሙ ፊደል በፊደል ወረቀቱ ላይ ወጣ። ከፍ ላለ ስም መሰላል ይዘው የሚረዱ በጎ ፈቃደኞች አሉ።

አንድ ሌላ ሰው ደግሞ ራቅ ብሎ ዛፍ ሥር ቆሟል። ሚስቱ ግድግዳው ጋ ሄዳ ተመለሰች፣ ክንዱን ያዘች፤ አልተንቀሳቀሰም። ከበጎ ፈቃደኞቹ አንዷን በአክስታችን ልጅ በኩል ጠየቅኳት። እንዲህ ያሉ ብዙ ናቸው አለች፤ መጥተው፣ ከሩቅ አይተው የሚመለሱ፣ በሌላ ዓመት እንደገና የሚሞክሩ።

ቤተሰብ ባዶ እጁን አይመጣም። ደብዳቤ፣ የወታደር ጫማ፣ ሜዳሊያ፣ ቢራ ሳይቀር ግድግዳው ሥር ያስቀምጣል። የፓርኩ ሠራተኞች ሰብስበው መዝግበው ያኖሩታል፤ እስካሁን ከ400 ሺህ በላይ ዕቃ አከማችተዋል ይባላል። እኛ ልቅሶ ላይ የሟቹን ልብስና ፎቶ አውጥተን እንደምናለቅስበት ነው፤ እነሱ ግን ድንኳኑ ከፈረሰ ከአርባና ከሃምሳ ዓመት በኋላም ያደርጉታል።

ሁሉም ስሙ እዚያ አለ ማለት አይደለም። ከጦርነቱ ተመልሶ በዚያ በተረጨው መርዘኛ ኬሚካል ጦስ የሞተ፣ ራሱን ያጠፋ ግድግዳው ላይ አይጻፍም፤ ለእነሱ እ.ኤ.አ. በ2004 አንዲት ሰሌዳ መሬት ላይ ተደርጋላቸዋለች። ከሚሊዮን በላይ የሆኑት የቬትናም ሙታን ደግሞ እዚህ ጨርሶ የሉም። የአንድ ሀገር መታሰቢያ የራሱን ነው የሚያለቅሰው፤ ያን እያወቁ ማየት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከየስሙ አጠገብ ትንሽ ምልክት አለ። የአልማዝ ቅርጽ ከሆነ ሞቱ ተረጋግጧል ማለት ነው። መስቀል ከሆነ የደረሰበት አልታወቀም። አጽሙ ተገኝቶ ማንነቱ ሲለይ መስቀሉ ላይ አልማዝ ይቀረጽበታል። በሕይወት ከተመለሰ ደግሞ መስቀሉ ዙሪያ ክብ እንዲደረግ ታስቧል። እስከ ዛሬ ክብ የተደረገለት የለም።

እናታችን እማማ ትዝ አለችኝ። በመጋቢት 1980 ዓ.ም. አፋቤት ላይ ወንድማችን ጋሼ የዘመተበት ናደው ዕዝ ሲፈርስ ደብዳቤው እንደቆመ ቀረ። መርዶ ነጋሪ አልመጣም፣ ምርኮኛ ነው ያለም የለም። ደርግ ወድቆ የተማረኩት ሲመለሱ አውቶቡስ ተራ የዋለችውን አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ለቄሱ ስም ስትሰጥ የጋሼን የክርስትና ስም እስከ መጨረሻው ከሕያዋን ጋር ነው ያስጻፈችው። ጎረቤት እርምሽን አውጪ ሲላት ትቆጣ ነበር። ያንን ክብ ይዛ ነው የሞተችው።

ቆብ ያደረጉት ሽማግሌ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ከኢትዮጵያ አልኳቸው። ጦርነት ላይ ዘመድ አጥተሃል? አሉኝ። ወንድሜን፣ አልኩ። ስሙ የት ተጽፏል? ሲሉኝ፣ የትም አልኳቸው። ትከሻዬን ያዙኝ እንጂ ምንም አላሉም፤ ደግ አደረጉ።

ከሊንከን ማዶ የኮሪያ ጦርነት መታሰቢያም አለ፤ 19 የብረት ወታደሮች የዝናብ ልብስ ደርበው ቁጥቋጦ መሀል ይሄዳሉ። እዚያ መንገዱ ዳር፣ እግርሽ ሥር ባለው ድንጋይ ላይ የ22 ሀገሮች ስም ተቀርጿል፤ ከዴንማርክና ከፈረንሳይ መካከል ኢትዮጵያ። ሰው ሳያይ ያልፈዋል፤ እኛ ግን ተንበርክከን ፎቶ አነሣነው። ቃኘው ሻለቃ ከ120 በላይ ሰው ገብሮ አንድ ምርኮኛ እንኳ ሳይሰጥ የተመለሰበት ጦርነት ነው። ፎቶውን አሳጥቤ ልኬያለሁ፤ ለሰፈራችን የኮሪያ ዘማች ለሻምበል በእጃቸው ስጪልኝ። የላከው እኔ መሆኔን ካልነገርሽ ደግሞ ተቀየምኩሽ።

በስልክ የጠየቅሽኝ ጉዳይ አለ፤ በእማማ ሙት ዓመት የጋሼን ስም ለፍትሐት እንስጥ ወይስ እንተወው ያልሽኝ። እሱን ከንስሐ አባታችን ጋር ምከሪበት፤ እኔ እማማ ያልፈታችውን ለመፍታት አልደፍርም። ሌላ ነገር ግን ልለምንሽ። እዚህ የደረሰበት ያልታወቀም ሰው ቢሆን ስሙ ከግድግዳው አልቀረም፤ ሞቷል ሳይባል ተጽፏል፣ እናቱም መጥታ ትዳስሰዋለች። ስለዚህ የእማማን መቃብር ድንጋይ ስናስተክል ከስሟ በታች የልጆቿን ስም እናስጽፍ፤ የጋሼን ከነአባቱና ከነአያቱ፣ በመጀመሪያ። ዓመተ ምሕረት አይጨመርበት፣ መስቀልም ሌላ ምልክትም አይደረግበት።

ዋጋውን ከጠራቢው ጋር ተነጋገሪ፤ በፊደል ነው የሚቆጥሩት ይባላል፣ እንዳያታልሉሽ። ገንዘቡን በፋሲካ በሚመጣ ሰው እልካለሁ። በሚለቅ ቀለም የሚጽፍ ሳይሆን በጥልቀት የሚቀርጽ ሰው ይሁን።

ወንድምሽ