የሸሸግሁት መድኃኒት

መምህር በነበርሁበት ዘመን፣ በ1978 ዓ.ም. የፈጸምሁት አንድ ስሕተት ዛሬም ይጸጽተኛል። ታናሽ ወንድሜ ከእኔ ጋር እየኖረ ዘጠነኛ ክፍል ይማር ነበር። አንድ ቀን ሳል ቢበረታበት፣ ቀደም ሲል ለእኔ ታዝዞልኝ የተረፈውን ኮትሪሞክሳዞል የተባለ የአንቲባዮቲክ ኪኒን ሰጠሁት። ሐኪም ማማከሩን እንደ ከንቱ ድካም ቈጠርሁት። ሳሉ በጥቂት ቀናት ስለ ተሻለው በሥራዬ ኰራሁ፤ የቀረውንም እንዲጨርስ አዘዝሁት።

በዘጠነኛው ቀን ግን ትኩሳት ያዘው፤ ጉሮሮውን አመመው፤ ዓይኖቹም ቀሉ። እኔም ሕመሙ ያገረሸበት መስሎኝ አንድ ኪኒን ጨመርሁለት። በማግሥቱ ከንፈሩና አፉ ቈሰለ፤ ደረቱ ላይ ቀይ ሽፍታ ወጣ፤ ቈዳውም ውኃ እየቋጠረ ይላጥ ጀመር።

ሆስፒታል እንደ ደረስን ሐኪሙ «ምን መድኃኒት ወስዷል?» ሲል ጠየቀኝ። አፍሬ «ምንም» አልሁ። ሐኪሙም «የዛሬንና የትናንትን ብቻ አይደለም፤ ባለፉት አራት ሳምንታት የወሰደውን ሁሉ ንገረኝ» አለ። ወንድሜ በቈሰለው አፉ መናገር ቢያቅተው ዓይኑን ወደ እኔ መለሰ። ያን ጊዜ እውነቱን ተናገርሁ። መድኃኒቱም ወዲያው እንዲቋረጥ ተደረገ።

ሕመሙ ስቲቨንስ-ጆንሰን ሲንድረም ይባላል። ስሙን ያገኘው በ1922 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ሕመም ከጻፉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች ነው። አንዳንዱ የመድኃኒት አለርጂ በደቂቃዎች ውስጥ ይነሣል፤ ይህኛው ግን አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ ከተጀመረ ከ4 እስከ 28 ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ ይገለጣል። ሰውነትን ከበሽታ የሚከላከሉ ነጭ የደም ሕዋሳት በመድኃኒቱ ምክንያት ተቈጥተው የገዛ ቈዳን ያጠቃሉ። ሕመሙ እምብዛም የማያጋጥም ቢሆንም ሊገድል ይችላል። ዘግይቶ ስለሚመጣም ሰው መንሥኤውን በቀላሉ ይስታል።

ወንድሜ ከሳምንታት በኋላ ዳነ፤ ዓይኑ ግን እስከ ዛሬ እየደረቀ ብርሃን ያስቸግረዋል። ያ መድኃኒት ዳግመኛ እንዳይሰጠው የሚያሳስብ ወረቀትም ከኪሱ አይለይም።

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይባላል። እኔ የሸሸግሁት መድኃኒቱን ነበር። ጥቂት ብዘገይ ኖሮ ወንድሜን ባጣሁት ነበር።

መልመጃ
1. ጸሐፊው መጀመሪያ «ምንም» ያለው ለምንድን ነው?
2. በእናንተ ላይ የደረሰና ትምህርት ያገኛችሁበትን አንድ ስሕተት በሦስት አንቀጽ ጻፉ።