የጡረታ አድራሻ

ከባንክ መስኮት ጀርባ የተቀመጠ ሰው ጡረታን በሁለት መልኩ ያያል። አንደኛው ዕድሜውን ባሕር ማዶ ጨርሶ፣ የዶላር ጡረታውን ይዞ ሐዋሳ ላይ ቤት ሊሠራ የመጣ ሽማግሌ ነው፤ ሁለተኛው እዚሁ 60 ዓመት ሞልቶት ከሥራ የተሰናበተና ልጆቹ ከባሕር ማዶ የሚጠሩት ሽማግሌ። ሁለቱን በአንድ ሰልፍ ላይ አይቻቸዋለሁ። አንዱ በሌላው ይገረማል።

አባቴ ከሁለተኞቹ ወገን ናቸው። ከመምህርነት ጡረታ ከወጡ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ የሚኖሩትም ቡሹሎ ነው፣ ከሐይቁ ብዙ ሳይርቁ። ሜሪላንድ ያለችው እኅቴ የአሜሪካ ዜግነት ካገኘች ወዲህ የመኖሪያ ፈቃድ አስጀምራላቸዋለች። ለወላጅ ሲሆን እንደ ወንድምና እኅት ዓመታት የሚፈጅ ወረፋ የለም፤ ስለዚህ ውሳኔው ሳንዘጋጅበት ደጃችን ደረሰ።

ሙያዬ ነውና በመጀመሪያ ሒሳቡን ሠራሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቀው 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብርን አለፈ። የአባቴ ጡረታ ወደ ዶላር ሲለወጥ የእኅቴን የአንድ ቀን ወጪ እንኳ መሸፈኑ ያጠራጥራል። ሕክምናውስ? እዚያ ሠርቶ ግብር ያልከፈለ አረጋዊ በመንግሥት የአረጋውያን መድን ለመግባት 5 ዓመት በቋሚነት መኖር ይጠበቅበታል። ያለ ልዩ ፈቃድ ከአንድ ዓመት በላይ ወደ ቡሹሎ ቢመለሱ ደግሞ የመኖሪያ ፈቃዱን ሊያጡ ይችላሉ። ዜግነት ቢወስዱ የእኛ ሕግ ጥምር ዜግነትን አይፈቅድም፤ በተወለዱበት አገር «በትውልድ ኢትዮጵያዊ» የሚል ቢጫ መታወቂያ ይዘው ሊኖሩ ነው። ይህን ስነግራቸው ሳቁ። «ሞቼም ሳልቀበር የውጭ ዜጋ ልሆን ነው?» አሉኝ።

ሒሳቡ ግን የነገሩ ግማሽ ብቻ ነው። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ እ.ኤ.አ. በ1984 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ገዳም ሲገቡ ዕድሜያቸው 60 ግድም ነበር፤ በእኛ ደንብ ልክ የጡረታ ዕድሜ። ከዚያ በኋላ እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 2023፣ ወደ አርባ ዓመት ኖሩ። ጸሎታቸውንና ፒያኗቸውን ይዘው ነበር የሄዱት። ከእኛ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ባለችው ሻሸመኔ ደግሞ፣ ንጉሠ ነገሥቱ እ.ኤ.አ. በ1948 በሰጡት መሬት ላይ ከጃማይካና ከካሪቢያን ደሴቶች የመጡ ሰዎች ሰፍረዋል። አብዛኛው መሬት በደርግ ዘመን ተወረሰ፤ መንግሥት መታወቂያ እሰጣችኋለሁ ያላቸውም እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። እንዲያም ሆኖ ብዙዎቹ አልተመለሱም። እነዚህ ሁሉ ባዕድ አገር የገቡት የሚሠሩትን አውቀው ነው። አባቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ሄደው ምን ይሠራሉ?

ጭንቀቴን እንደ ልማዴ በስንኝ ቋጠርኳት፦

ሀገር ጓዝ አይደለም፣ በሻንጣ አይታሠርም፤
ሐይቅ ተጠቅልሎ፣ በአየር አይበርም።

አነበብኩላቸው። «ቤት ይመታል፤ ነገሩን ግን አልመታውም» አሉ። የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ እንደሌለው፣ ውኃው ግን ጨዋማ ባሕር እንዳልሆነ ለተማሪዎቻቸው ያስተምሩ ነበር፤ እንደ እኔ በሐይቅ የሚራቀቅ ሰው አይጥማቸውም። ለእርሳቸው ቡሹሎ ማለት ማለዳ «ኬሬ» የሚላቸው ዓሣ አስጋሪ ነው፣ ደብተሩን ይዞ አጥሩን የሚያንኳኳ የጎረቤት ልጅ ነው። ከእኔ ስንኝ ውስጥ ሁለቱም የሉም።

እሑድ ዕለት እኅቴ ደወለች። አባቴ ስለ ሆስፒታሉም ስለ ብርዱም አልጠየቋትም።

«ልጆቹን ማን ይጠብቅልሻል?»

ዝም አለች። እርሷ ሌሊት ትሠራለች፤ ባሏ ቀን። ትንሹ ልጅ አማርኛ አይሰማም። ስታስጀምር ወረቀቱ ለአባቷ ዕረፍት እንደሆነ ነግራን ነበር፤ እርሷም ያመነችበት ይመስለኛል። አባቴ ግን ከዝምታዋ ውስጥ ሥራ አገኙ።

«ፊደል ያልቆጠረ የልጅ ልጅ አለኝና!» አሉ፤ ድምፃቸው ክፍል ውስጥ እንደሚገባ መምህር ነበር።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ መነጽራቸውን እየጠረጉ ወደ እኔ ዞሩ። «ጡረታዬን አንተ እንድትቀበልልኝ ውክልና ስንት ቀን ይፈጃል?»

በየቀኑ በእጄ የምታልፍ ወረቀት ናት። መልሱ ግን ቶሎ አልመጣልኝም።