ግንቡን አይቶ ማመን

"እንዴት ነህ?" ስንባል የብዙዎቻችን መልስ አንድ ነው፦ "ጌታ ይመስገን፣ ደኅና ነኝ።" ምስጋናው መልካም ነው። ነገር ግን የታመመው "ታምሜአለሁ" ማለትን፣ ሥራ ያጣው "ተቸግሬአለሁ" ማለትን እንደ አለማመን ከቆጠረው ቆም ብለን ማሰብ አለብን። ወጣቶችን ሳስተምር ደጋግሞ የሚቀርብልኝ ጥያቄ ይኸው ነው፦ ያየሁትን እንዳለ ብናገር እምነቴን አፈርሳለሁ ወይ?

መልሱን ከካሌብ እንማር። በዘኍልቍ 13 ከነዓንን የሰለሉት አሥራ ሁለቱ ሰዎች ያዩት አንድ አገር ነው፤ መልካሙን ፍሬ፣ የተመሸጉትን ከተሞች፣ የዔናቅን ልጆች። ካሌብ "ግንብ አላየሁም" አላለም። አሥሩ ግንቡን ከራሳቸው ቁመት ጋር አስተያዩና እንደ አንበጣ ሆንን አሉ። እርሱ ግን ምድሪቱን ሊሰጣቸው ቃል የገባውን አምላክ አሰበ። ከ45 ዓመት በኋላ፣ በ85 ዓመቱ፣ ተራራማውን አገር ሲለምን የዔናቅ ልጆች አሁንም በዚያ እንዳሉ፣ ከተሞቹም ታላላቅና የተመሸጉ እንደ ሆኑ የሚናገረው ራሱ ካሌብ ነው። እግዚአብሔር ከእርሱ ጋር ከሆነ እንደሚያሳድዳቸውም በዚያው አፉ ይናገራል (ኢያሱ 14)። ጳውሎስም በሮሜ 4 ስለ አብርሃም ሲጽፍ፣ ያረጀ ሥጋውን እያየ በእምነቱ እንዳልደከመ ይነግረናል።

ይህ በእኛ ኑሮ ምን እንደሚመስል ላንሣ። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 ከመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። የማውቃት አንዲት ልጅ ከፈተናው በፊት በአንድ ጉባኤ ፊት ቆማ "አልፌአለሁ" ብላ እንድታውጅ ተደርጋ ነበር። አላለፈችም። ለወራት ከቤተ ክርስቲያን ቀረች። በኋላ ሳገኛት፣ "ጋሼ፣ ውጤቱስ ይሁን። የዋሸው ማን ነው? እኔ ነኝ ወይስ ጌታ?" አለችኝ።

ጥያቄዋ ከውጤቱ ይልቅ ከበደኝ። "ጌታ አልዋሸሽም፤ ያንን የተስፋ ቃል እርሱ አልሰጠሽምና። እርሱ የገባልሽ ቃል እንደማይተውሽ ነው" አልኋት። መዝሙር 13ን አብረን አነበብን፤ ዳዊት እስከ መቼ ትረሳኛለህ ብሎ እግዚአብሔርን ሲጠይቅ፣ በመጨረሻም በምሕረቱ ሲታመን። ከዚያ እያለቀሰች፣ "ወድቄአለሁ። ጌታ ግን አልጣለኝም" አለች። ከእርሷ የሰማሁት ትልቁ የእምነት ንግግር ይህ ነው።

በግል ልትፈተን ስትመዘገብ ደግሞ የሚከብዷትን ትምህርቶች ጽፋ መጣች፦ ሒሳብና ፊዚክስ። በስማቸው እየጠራን ጸለይን፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያስጠናትም ሰው ፈለግንላት። ድካሟን ባትናገር ኖሮ በምን እንደምንረዳትም አናውቅም ነበር።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በእምነት ስትናገሩ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ይህን የተናገረው እግዚአብሔር ነው ወይስ የእኔ ምኞት? ያየሁትንስ ሳልደብቅ ለእርሱ ነግሬዋለሁ? በኅብረታችሁም "ደኅና አይደለሁም" የሚል ሲኖር ለመገሠጽ አትቸኩሉ፤ አጠገቡ ተቀመጡ፣ አብራችሁትም ጸልዩ። ጌታ ዓይናችንንም አንደበታችንንም ይባርክ።