በብራስልስ ሰዓት

በ2024 የአውሮፓ ኅብረት የማሪ ኩሪ ፌሎሺፕ ማመልከቻ የተዘጋው ሴፕቴምበር 11 ነበር፤ ለእኛ የ2017 ዕንቁጣጣሽ። በተከታዩ ዓመት አንድ ቀን ቀደም አለና ጳጉሜን 5፣ ዋዜማው ላይ ዋለ። ሰዓቱ በብራስልስ 17፡00 ነው። አንድ የሚዛን አማን ጂኦግራፈር ጀርመን ያለ ወዳጁ «በእናንተ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል» ቢለው፣ የሌሊቱ ስድስት መስሎት ዶሮውን በልቶ፣ እንግዶቹን ሸኝቶ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ላፕቶፑን ከፈተ። ወዳጁ ማለቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነበር። ውጭ የከረመ ሰው ሰዓት ሲነግር ስድስት ጨምሮ መስማት ይሻላል።

*

ሐምሌ 2013 ዶክትሬቱን የጨረሰ ሰው ቅጹ ላይ እንደ ልማዱ 2013 ብሎ ከሞላ፣ ባንድ ቁጥር ስምንት ዓመት አረጀ። የማሪ ኩሪ ገደብም ከዶክትሬት በኋላ 8 ዓመት ነው።

*

መልሱ ለአመልካቹ የሚመጣው በአያቱ ስም ነው። ፓስፖርቱ ላይ መጨረሻ የተጻፈው እሱ ስለሆነ፣ «ውድ ዶክተር» ተብለው የሚጠሩት ፊደል ሳይቆጥሩ ያለፉት ገበሬ ናቸው።

*

ቅጹ ውስጥ የኛን ሰው እጅ የሚያስረው «አስተናጋጆችህ ካንተ ምን ይማራሉ?» የሚለው ነው። ራስን ማወደስ ነውር ሆኖበት ያደገ ሰው እዚህ ሲደርስ «እኔ» የምትለዋን ቃል ያጣታል። «ጥናቱ ተካሂዷል» ይላል። ማን አካሄደው? «ተሳትፈናል» ይላል። እናንተ እነማን ናችሁ?

የማውቀው አመልካች በሸካ ደን ውስጥ «ኮቦ» የሚባለውን የይዞታ ልማድ፣ የትኛው የደን ጥግ የማን ቀፎ መስቀያ እንደሆነ፣ በእግሩ እየዞረ ያጠና ነው። ፕሮፖዛሉ ላይ ግን ኮቦ አንድ ዓረፍተ ነገር ደረሰችው። የቀረው ገጽ አስተናጋጆቹ ፕሮፌሰሮች ስለ ጻፉት ንድፈ ሐሳብ ነው። የጻፉትን መልሶ ሊነግራቸው ይሄዳል ማለት ነው።

*

የላንድሳት ምስል እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በነፃ ይገኛል፤ ሴንቲነል 2 ደግሞ መሬትን በ10 ሜትር ዝርዝር ያሳያል። ሆኖም ሚዛንና ቴፒ ዝናባቸው ረጅም ነውና፣ ምስሉን የከፈተ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያየው ነጭ ደመና ነው። በደመና ውስጥ የሚያልፈው ራዳርም ቢሆን ዋናውን ችግር አይፈታም። ቡናችን በትልልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ነው። ከላይ ሲታይ ደን ነው፤ ከሥሩ ግን ቁጥቋጦው ተመንጥሮ ቡና ተተክሏል። ደኑን ከቡናው የሚለየው ጭቃ ውስጥ ገብቶ ቀና ብሎም ጎንበስ ብሎም ያየ ሰው ነው። አንድ ገምጋሚ ታዲያ «የመስክ ሥራው ለምን ከርቀት አይሠራም?» ብሎ ጠየቀ። ምናልባት እሱ የከፈተው ምስል ደመና የሌለበት ነበር።

*

ኅብረቱ በ2023 ባወጣው ሕግ፣ ወደ አውሮፓ የሚገባ ቡና ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ካልተመነጠረበት ማሳ መምጣቱ መረጋገጥ አለበት፤ ማሳው የሚገኝበት ኮኦርዲኔትም አብሮ ይቀርባል። የሕጉ ተግባራዊነት ተራዘመ፣ ደግሞም ተራዘመ፤ የፕሮፖዛሎቻችን ርዕስ ግን ወዲያው ተቀየረ። ትናንት ስለ አፈር መሸርሸር ይጽፍ የነበረው ሁሉ ዛሬ «ከደን ምንጠራ ነፃ ቡና» ይላል። አልፈርድበትም፤ ገንዘቡ ያለበትን ማወቅም ጂኦግራፊ ነው።

የየኪ ወረዳ ገበሬ ማሳው በስልክ ጂፒኤስ ከተመዘገበለት ቡናው ይሄዳል። ማሳውን ዞሮ የለካው ሰው ግን ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ ተጉዞ፣ አዲስ አበባ ኤምባሲ በር ላይ ቆሞ፣ ተመልሶ እንደሚመጣ በወረቀት ማስረዳት አለበት።

*

ሌላው፣ የጀርመኑ ፌሎሺፕ፣ በአሌክሳንደር ፎን ሃምቦልት፣ በጂኦግራፈሩ ስም የተሰየመ ነው። ሃምቦልት ግን እ.ኤ.አ. በ1799 ወደ ደቡብ አሜሪካ የተጓዘው የእናቱን ውርስ ይዞ ነው፤ የምስክርነት ደብዳቤ ጻፉልኝ ብሎ ሦስት ፕሮፌሰር ደጅ አልጠናም። ከስፔን ንጉሥ ፓስፖርት መለመን ግን ለእሱም አልቀረለትም።

*

በዚያው በ2024 የማሪ ኩሪ ዙር ከ10 ሺህ በላይ ሰው አመለከተ፤ የተሳካለት 1,700 ያህል ነው። ከመቶ 85ና ከዚያ በላይ አግኝቶ ገንዘብ ላልደረሰው የልህቀት ማኅተም የሚባል የምስክር ወረቀት ይሰጣል። ማስገቢያው ባለ መስተዋት ፍሬም ሚዛን ከተማም ይሠራል።

*

ከሚዛን ወደ ማጂ አቅጣጫ ካለው ደን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በእንግሊዞች እጅ የወጣ የቡና ዘር፣ ማመልከቻ ሳይሞላ፣ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በኮስታ ሪካ አድርጎ ፓናማ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2004 በጨረታ ስሙ ዓለምን አዳረሰ፦ ጌሻ።

*

ውጤት የሚመጣው በየካቲት ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ጣል ሲያደርግ የቴፒና የበበቃ ቡና የሚያብበውም ያኔ ነው። ባለፈው የካቲት ያ የኮቦ ሰው ስልኩን አይቶ ኪሱ ሲከት፣ ቡና የምታፈላው ልጅ ሲኒውን ሞላችለት።

«ቲቸር፣ ልትሄድ ነው እንዴ?»

«ዘንድሮ አልሄድም።»

«እሰይ! ቡናው ሲደርስ ማን ይለካልን ነበር?»

ከዚያ ቀድማ የጠየቀችው ግን በዱቤ የጠጣውን አሁን ይከፍል እንደሆነ ነበር።