የደህና ቀን መድኃኒት

እኛ አገር መድኃኒት የሚዋጠው ሲያም ነው። ደህና ውሎ፣ እራቱን በልቶ፣ ከቤተሰቡ ጋር ሲሳሳቅ ቆይቶ ክኒን የሚውጥ ሰው ካያችሁ ጥርጣሬ ይገባችኋል። "ይሄ ሰውዬ ምን ደብቆን ነው?" ይባላል። "ሳይቃጠል በቅጠል" የሚል ተረት ወርሰናል፤ ቅጠሉን ፍለጋ የምንሮጠው ግን ጣሪያው ከነደደ በኋላ ነው።

እናላችሁ፣ ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ስለዚህ በደህና ቀን ስለሚዋጥ መድኃኒት ነው፤ ያውም ስለ ራስ ምታት። ራስ ምታት ስል ቡና ሲዘገይ መጥቶ አንድ ሲኒ ሲጠጡ የሚሄደውን አይደለም። ስለ ፍልጠት ነው። ይህንን ስም ያወጣው ሰው በሽታው ነበረበት ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም። ሐኪሞቹ ሚግሬን ይሉታል። አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ራስን ይይዛል፤ ካልታከመ ከ4 ሰዓት እስከ 3 ቀን ይቆያል። ብርሃን ያስጠላል፣ ድምፅ ያስጠላል፣ የሽንኩርት ቁሌት ያስመልሳል። እኔም የዚህ ማኅበር አባል ነኝ፤ መዋጮዬን ሳላቋርጥ ስከፍል ኖሬአለሁ።

ማኅበራችን ደግሞ ትንሽ አይደለም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በደቡብ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ገጠር ቤት ለቤት ዞረው፣ ዕድሜያቸው 20 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ወደ 15,000 ሰዎችን መርምረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጡት ጽሑፍ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ሚግሬን የያዛቸው ከመቶ 3 ያህል ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣውና እሳቸውም የተሳተፉበት ሌላ ጥናት ደግሞ ቁጥሩን ከመቶ 17.7 አደረሰው። በሽታው በ20 ዓመት ስድስት እጥፍ አደገ ብላችሁ አትደንግጡ፤ የአጠያየቅ ለውጥም ቁጥርን ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ብቻ በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ግንባሩን የደፋ ሁሉ ሰነፍ አለመሆኑን ልብ በሉልኝ።

አሁን ወደ ካንጋተን ልውሰዳችሁ። ካንጋተን በደቡብ ኦሞ፣ የኛንጋቶም ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ኦሞ ወንዝ አጠገብ። ጂንካ ከፍታዋ ወደ 1,500 ሜትር ስለሚጠጋ ጠዋት ጠዋት ሹራብ ታስለብሳለች። በቀይ አፈርና በቱርሚ በኩል ወርዳችሁ ካንጋተን ስትደርሱ ግን ሹራቡን ተዉት፣ ቆዳም ቢወልቅ ደስ ይላል።

በ2011 ዓ.ም. የካቲት ውስጥ ለሥራ ሄጄ እዚያ አንድ መምህር ተዋወቅሁ። የደጋ ልጅ ነው። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያስተምር አየሁትና የማኅበር ጓደኛዬ መሆኑን ወዲያው ለየሁት። ሰፈርተኛው "ወባ ነው" ይለዋል። ደሙን ይመረመራል፤ ወባ የለም። ፍልጠቱ ግን አለ። የደረት ኪሱ ውስጥ ጠመኔና ዲክሎፌናክ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

"በወር ስንት ቀን ትውጣለህ?" አልኩት።

"የማልውጥበትን ቀን ብትጠይቀኝ ይቀለኛል" አለኝ።

ይሄ አነጋገሩ አሳቀኝ፤ ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌን፣ ዲክሎፌናክና የመሳሰሉትን ማስታገሻዎች በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከሦስት ወር ለበለጠ ጊዜ የሚወስድ የራስ ምታት ሕመምተኛ፣ ማስታገሻው ራሱ የራስ ምታት ሊሆንበት ይችላል። ኤርጎታሚን ላለባቸውና ለቅልቅል ክኒኖች ደግሞ 10 ቀን ይበቃል። ይህም ጨጓራንና ኩላሊትን ሳንቆጥር ነው።

መምህሩ ጂንካ ወጥቶ ተመረመረና ፕሮፕራኖሎል ታዘዘለት። መድኃኒቱን የሰጠችው ልጅ እንዲህ አለችው፤ "ወንድሜ፣ ይሄ ሲያምህ የምትውጠው አይደለም። በየቀኑ ነው።"

"ባያመኝም?"

"በተለይ ባያምህ።"

የመከላከያ መድኃኒት ምንነት በዚህች መልስ ውስጥ አለ። ማስታገሻ የመጣውን ፍልጠት ያባርራል፤ መከላከያ እንዳይመላለስ በር ይጠብቃል። የሚታሰበውም ፍልጠቱ በወር አራት ቀንና ከዚያ በላይ ለሚይዘው፣ ወይም ጥቂት ቀን ቢይዘውም ከሥራና ከኑሮ ውጭ ለሚያደርገው ሰው ነው።

መምህሩ ቤቱ ገብቶ ወረቀቱን ሲያነብ "ለደም ግፊት… ለልብ…" የሚል አገኘ። ደወለልኝ። "ልቤን ታምሜ ደብቀውኝ ነው እንዴ?" አይደለም። የፍልጠት መከላከያዎች አብዛኞቹ ከሌላ በሽታ የተዋሱ ናቸው። ፕሮፕራኖሎል እ.ኤ.አ. በ1988 የኖቤል ሽልማት ያገኙት ጄምስ ብላክ በ1960ዎቹ ለልብ ሕመም የሠሩት ነው። አሚትሪፕቲሊን የድብርት መድኃኒት ነበር። ቫልፕሮይክ አሲድና ቶፒራሜት የሚጥል በሽታ ናቸው። ይህ ሳይነገረው ወረቀት ያነበበ ሰው ይፈራል፤ ወረቀቱን ጎረቤት ካነበበው ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ "አእምሮውን ነካ አድርጎታል" ይላል። በፍርሃትና በሐሜት ምክንያት መድኃኒቱን የወረወረ ስንት ሰው አለ!

በሦስተኛው ሳምንት እንደገና ደወለ። "አልሠራም፣ ልተወው ነው።" ይሄም የተለመደ ነው። መከላከያ በትንሽ መጠን ተጀምሮ ቀስ እያለ ይጨመራል፤ መሥራት አለመሥራቱ የሚታወቀው ከሁለት እስከ ሦስት ወር ተጠብቆ ነው። ፍልጠቱ ጨርሶ ካልጠፋ አልሠራም ማለትም ስህተት ነው። አሥር ቀን የነበረው አምስት ከሆነ ሐኪሞቹ "ተሳካ" ይላሉ። ለዚህ ነው ማስታወሻ የሚያስፈልገው፤ የታመሙበትን ቀንና ማስታገሻ የዋጡበትን ቀን የሚመዘግቡባት ደብተር። መምህር ደግሞ ደብተር አይቸግረውም። ሚያዝያ ሲጋመስ ቆጥሮ ሲያየው ፍልጠቱ በወር ወደ አራት ቀን ወርዷል።

የተሻለው ሰው ደግ ይሆናል። ችግሩም የመጣው ከዚህ ነው።

አብራው የምታስተምር አንዲት መምህርት ራሷን ያማታል። እንጀራ የሚጋሩ፣ ቡና የሚጠራሩ ሰዎች ናቸው። አሥር ክኒን ቆጥሮ በወረቀት ጠቅልሎ ሰጣት። "ለእኔ ተአምር ነው፣ ሞክሪው።" አስም እንዳለባት አያውቅም፤ እሷም የራስ ምታት መድኃኒት ከደረቷ ጋር ምን አገናኘው ብላ ትጠይቅ? ማታ ዋጠች። እኩለ ሌሊት ላይ ደረቷ እንደ ወናፍ እያፏጨ፣ ትንፋሽ አጥሯት በሰው ትከሻ ጤና ጣቢያ ደረሰች። ደግነቱ ቅርብ ነበር። ተረፈች። ፕሮፕራኖሎል የአስም ሕመምተኛን የአየር ቧንቧ ሊያጠብ ስለሚችል ለእነሱ አይሰጥም። የልብ ምቱ በጣም ዝግ ያለ ሰውም አይወስደውም። ኢንሱሊን የሚወጋ የስኳር ሕመምተኛ ደግሞ ስኳሩ ሲወርድ የሚያስጠነቅቀውን የልብ መምታትና መንቀጥቀጥ ሊደብቅበት ይችላል።

የመምህሩ መከራ በዚህ አላበቃም። አሥሩን ክኒን ስለሰጠ የእሱ ከቀጠሮው አሥር ቀን ቀድሞ አለቀ። ዝናብ ገብቷል፤ መንገዱ ተበላሽቷል፤ ጂንካ መውጣት አልተቻለም። በድንገት ማቆም ሆነ። ልቡ እንደ ከበሮ ይመታ ጀመር፣ ፍልጠቱም ተመለሰ። ፕሮፕራኖሎል ድንገት አይቋረጥም፤ በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው። ልባቸውን የታመሙ ሰዎች ላይ እንዲህ ያለው ማቋረጥ ለሕይወትም ያሰጋል።

እኛ ማዕድ እንጋራለን፤ መልካም ነው። መድኃኒትም እንጋራለን፤ እዚህ ላይ ነው ችግሩ። ማስታገሻ ተዋውሰን አብዛኛውን ጊዜ ስለተረፍን መከላከያውም እንደዚያው ይመስለናል። መከላከያ ግን የሚታዘዘው ለራስ ምታቱ ብቻ አይደለም፤ ለሰውየው ነው። ለደረቱ፣ ለልቡ፣ ለማህፀኗ፣ ለሌላው መድኃኒቱ ታስቦ ነው። ቫልፕሮይክ አሲድ ፅንስን ክፉኛ ስለሚጎዳ ልትወልድ ለምትችል ሴት ለፍልጠት ብሎ መስጠት አይገባም። ቶፒራሜትም ለፅንስ አደገኛ ነው። አሚትሪፕቲሊን ለትልቅ ሰው በማታ የምትዋጥ ትንሽ ክኒን ናት፤ ሕፃን ልጅ ከረሜላ መስላው ጥቂት ፍሬ ቢውጥ ግን ልብ ታቆማለች። እባካችሁ ቆልፉባት።

የካንጋተንን ሙቀት ደግሞ አትርሱት። ቶፒራሜት ላብ ይቀንሳል፤ ላብ የማያወጣ ሰው በዚያ ፀሐይ ሰውነቱ ይግላል። ውኃ ካልጠጣበትም የኩላሊት ጠጠር ያመጣል። አሚትሪፕቲሊንም አፍ ያደርቃል፣ ላብም ሊቀንስ ይችላል። አዲስ አበባ ላይ ምንም ያላደረገ መድኃኒት ቆላ ሲወርድ ጠባዩ ሊከፋ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ "የት ነው የምትኖረው?" ካላላችሁ እናንተው ንገሩት። ብዙ ክኒኖች ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጡ ይላሉ፤ በቆርቆሮ ቤት መስኮት ላይ አይሰቀሉም። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በወር አንዴ የሚወጉ፣ ለፍልጠት ብለው የተሠሩ መከላከያዎች በዓለም ላይ ወጥተዋል። ማቀዝቀዣ ይፈልጋሉ። ለካንጋተን ገና ሩቅ ናቸው።

የፍልጠትን ዘመድ ሳላነሳ ባልፍ ማኅበርተኞቹ ይቀየሙኛል። ክላስተር ይሉታል። አንድ ዓይን ዙሪያ እንደጋለ ብረት ይሰካል፤ ዓይኑ ያለቅሳል፣ ይቀላል፣ አፍንጫ ይዘጋል። ከ15 ደቂቃ እስከ 3 ሰዓት ይቆይና ይለቃል፤ ቀጠሮ ያለው ይመስል በዚያችው ሰዓት፣ ብዙ ጊዜም ሌሊት ይመለሳል። ፍልጠት የያዘው ሰው ጨለማ ውስጥ ጸጥ ብሎ ይተኛል፤ ክላስተር የያዘው ግን ይንቆራጠጣል፣ ራሱን ከግድግዳ ያጋጫል። አዲስ አበባ ሰፈራችን የነበረ አንድ ዘበኛ ሌሊት ስምንት ሰዓት ሲሆን ተነስቶ ግቢውን ይዞር ነበር። "ያዘው" ተባለ። ያልተደረገለት አልነበረም። በሽታው ደግሞ ለሳምንታት አሠቃይቶ ለወራት በራሱ ጊዜ የሚጠፋ ስለሆነ፣ ምስጋናውን ሁልጊዜ የሚወስደው መጨረሻ ላይ የተሞከረው ነገር ነው።

ለዚህም መከላከያ አለው፤ ዋናው ቬራፓሚል ነው። የልብን ኤሌክትሪክ ሊያዘገይ ስለሚችል ከመጀመሩ በፊትና መጠኑ በተጨመረ ቁጥር ኢሲጂ መነሳት ያስፈልጋል። ከፕሮፕራኖሎል ጋር በዘፈቀደ ከተደባለቀ ልብን እስከማቆም ሊያደርስ ይችላል። ሁለተኛው ሊቲየም ነው፤ ደም ውስጥ ያለው መጠን መለካት አለበት፤ ሙቀትና ጥም ባለበት አገር ደግሞ በቀላሉ መርዝ ይሆናል። ሕመሙ ሲነሳ ደግሞ በጭንብል የሚሰጥ ንጹሕ ኦክስጅን ብዙዎችን በደቂቃዎች ውስጥ ያሳርፋል።

አንድ ነገር ልጨምር። "ፍልጠት አለብኝ" ማለት የመጣ ራስ ምታት ሁሉ ፍልጠት ነው ማለት አይደለም። ትኩሳት ከመጣ ምርመራ ነው፤ ወባ ባለበት አገር ዛሬውኑ። በኅዳር 2018 ዓ.ም. ጂንካ ላይ መገኘቱ የተረጋገጠው የማርበርግ በሽታም የሚጀምረው በድንገተኛ ትኩሳትና በከባድ ራስ ምታት ነው። አንገት ከገተረ፣ እጅ ወይም እግር ከሰነፈ፣ ሕመሙ እንደ መብረቅ በድንገት ከወረደ፣ ነፍሰ ጡር ሆና ዓይኗ ከጋረዳት፣ መከላከያ ስለምወስድ ይተወኛል ብሎ መተኛት የለም።

መምህሩን ኋላ ጂንካ አግኝቼዋለሁ። አሁን ክኒኑ ከማለቁ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ መኪና ይጠይቃል፤ ክረምት ሊገባ ሲል ደግሞ ሐኪሙን የሁለት ወር ያስጽፋል። ሰው "አንድ ስጠኝ" ሲለው የሚሰጠው የትራንስፖርት ብር ነው። "ሄደህ ታይ፣ ክኒኑ ግን የእኔ ብቻ ነው" ይላል። መምህርቷም አትቀየመውም፤ ለእሷ በደረቷ ልክ ሌላ ታዞላታል።

በሉ እንግዲህ፣ ራሳችሁን ጠብቁ። ራስ ስል፣ ያንን አንገት ላይ ያለውን ማለቴ ነው።