ባሕር ላይ እንዴት ይታደራል?

ጠዋት ከሰው ጋር ስንገናኝ መጀመሪያ የምንጠይቀው ስለ ሌሊቱ ነው። «እንዴት አደርሽ? እንዴት አደራችሁ? ልጆቹስ ደህና አደሩ?» አፋችን ስለለመደው ግን መልሱን ብዙ ጊዜ አንጠብቅም፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ተብሎ ይታለፋል። ይህን ሰላምታ እንደ አዲስ እንድሰማው ያደረገኝ ከደጋችን እጅግ የራቀ ኑሮ ነው፦ ባለ ሸራ ጀልባን ቤታቸው አድርገው፣ ልጆቻቸውን ይዘው፣ ከደሴት ደሴት የሚዞሩ ቤተሰቦች ኑሮ።

12 ወይም 13 ሜትር በምትረዝም ጀልባ ውስጥ ማዕድ ቤቱም፣ መኝታውም፣ ትምህርት ቤቱም ይገኛል። ብዙዎቹ በፓናማ ቦይ ወደ ፓስፊክ ውቅያኖስ ተሻግረው፣ ጋላፓጎስ ደሴቶች ላይ አርፈው፣ ከዚያ ወደ ማርኬሳስ ደሴቶች ያቀናሉ። መካከሉ 3,000 የባሕር ማይል ገደማ ነው፤ 5,500 ኪሎ ሜትር ያህል ውሃ ብቻ። ከደቡብ ምሥራቅ የሚመጣው ነፋስ እየገፋቸው ሦስት አራት ሳምንት ይጓዛሉ። በዚያ ሁሉ መንገድ ላይ ሱቅ የለም፤ ጎረቤትም የለም።

ስለዚህ ትንሹ ነገር ሁሉ ይከብራል። እንቁላሉን ብቻ እንኳ እንይ። ማቀዝቀዣ ቦታም ኃይልም ስለሚፈጅ፣ ያልታጠበና ማቀዝቀዣ ያልገባ እንቁላል ተመርጦ ይገዛል። ከዚያ አስኳሉ ከቅርፊቱ እንዳይጣበቅ በየሁለት ሦስት ቀኑ ይገላበጣል፤ ለትንሽ ልጅ እጅ የሚመች ሥራ ነው። ሙዙ ከነዘለላው ከጀልባዋ ኋላ ይንጠለጠላል፤ አረንጓዴ ሆኖ ሲያስጠብቅ ይቆይና ሁሉም ባንድ ጊዜ ይበስላል። ያኔ ቁርሱም ምሳውም እራቱም ሙዝ ነው። ሳህን በባሕር ውሃ ታጥቦ በአንዲት ኩባያ ንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል። እናቱ ከምንጭ በእንስራ ውሃ ስትቀዳ ያየ ሰው ያችን ኩባያ አይንቃትም።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚይዘው ግን ሌሊቱ ነው። ውቅያኖስ መካከል ጥልቀቱ በኪሎ ሜትር ስለሚቆጠር መልሕቅ አይጣልም። ጀልባዋ ሌሊቱን ሙሉ ትሄዳለች፤ አንድ ሰው ደግሞ የግድ መንቃት አለበት። እዚያም ሌሊቱ እንደ አገራችን 12 ሰዓት ያህል ስለሆነ፣ በእኛ ሰዓት ሲከፋፈል ልክ ይመጣል፦ ከ12 እስከ 3፣ ከ3 እስከ 6፣ ከ6 እስከ 9፣ ከ9 እስከ ንጋት።

እስቲ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ አንዱን ቤተሰብ እናስበው። እናት ተራዋን ጨርሳ ወደ ውስጥ ትወርድና የ15 ዓመት ልጇን ትከሻ ትነካለች። ሌሎቹ እንዳይነቁ ስሙን አትጠራም። ልጁ ሕይወት አድን ጃኬቱን ለብሶ፣ ገና ደረጃው ላይ ሳለ ማሰሪያውን ከጀልባዋ ጋር ያቆላልፋል። ሌሊት ባሕር ውስጥ የወደቀን ሰው ማግኘት እጅግ ከባድ ነውና ያለ ማሰሪያ መውጣት ክልክል ነው። እናት በሹክሹክታ ታስረክበዋለች፦ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ፣ ሸራው እንዴት እንደ ተወጠረ፣ በግራ በኩል የታየው መብራት ወዴት እንደ ራቀ። ሻዩን አስይዛው ትተኛለች። እሱም በየ10 ደቂቃው እየተነሣ አድማሱን ዙሪያውን ይቃኛል፤ ከአድማስ ብቅ ያለ ትልቅ መርከብ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሊደርስባቸው ይችላል። እናት፣ አባት፣ ታናሽ እህቱ በእሱ ዓይን ተማምነው ተኝተዋል። «አደረ» እና «አደራ» ጎረቤት ቃላት መሆናቸው እዚህ ላይ ይታየኛል።

በጀልባ ረጅም መንገድ መሄድ የዛሬ ብቻ አይደለም። ጆሹዋ ስሎከም እ.ኤ.አ. በ1898 ብቻውን በጀልባ ዓለምን ዞሮ በመጨረስ የመጀመሪያው ሰው ነው። እኔ አብልጬ የምወደው ግን ከዚያ በፊት ከቤተሰቡ ጋር የተጓዘውን ነው። መርከቡ ብራዚል ዳርቻ ላይ ተሰብራ ስትቀር ባለቤቱ ሄቲና ሁለት ልጆቹ አብረውት ነበሩ። 35 ጫማ የምትረዝም ጀልባ እዚያው ሠሩ፤ ሸራውን የሰፋችው ሄቲ ናት። ጀልባዋ ውሃ የነካችበት ዕለት፣ ሜይ 13 ቀን 1888፣ ብራዚል ባርነትን በሕግ ያስቀረችበት ቀን ስለነበር «ሊበርዳዴ» አሏት፤ ነጻነት ማለት ነው። በባርቤዶስና በፖርቶ ሪኮ አድርገው፣ ከ5,000 ማይል በላይ ተጉዘው አሜሪካ ገቡ። ትንሹ ልጅ ጋርፊልድ ገና 7 ዓመቱ ነበር።

ወደ ዛሬዎቹ ቤተሰቦች መንገድ ስንመለስ፣ ከማርኬሳስ ወዲያ የቱአሞቱ ደሴቶች አሉ፤ ውሃ የከበቡ የኮራል ቀለበቶች። የተፈጥሮ ተመራማሪው ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1842 እንዳስረዳው፣ እሳተ ገሞራው ተራራ ቀስ በቀስ ሲሰምጥ በዙሪያው ያለው ኮራል ወደ ብርሃን እያደገ ይቀራል። ተራራው ጠፍቶ ቅጥሩ ብቻ የቆመ ግቢ በሉት። በጀልባ ወደ ቀለበቱ ውስጥ ሲገባ ፀሐይ ከፍ ማለት አለባት፤ ከውሃው በታች የተደበቀውን ኮራል በቀለሙ ለይቶ የሚጠቁም ሰው ደግሞ ከፊት ይቆማል። እዚህም ላይ የልጅ ዓይን ይታመናል።

ይህን ሁሉ ወድጄ አንድ ነገር መዝለል አልችልም። ልጆቹ ይህን ኑሮ አልመረጡትም። እንግሊዛዊቷ ሱዛን ሄይውድ በ7 ዓመቷ፣ እ.ኤ.አ. በ1976፣ ከወላጆቿ ጋር ለሦስት ዓመት ተብሎ ወጣች፤ ጉዞው ግን አሥር ዓመት ያህል ወሰደ። በሕንድ ውቅያኖስ ማዕበል ራሷን ክፉኛ ተጎዳች፤ ትምህርት ቤትና ጓደኛ እየናፈቃት አደገች። «ዌቭዎከር» በተባለው መጽሐፏ ይህን ጽፋዋለች። ለልጅ የጀልባ መሪ ማስጨበጥ መልካም ነው፤ ወዴት መሄድ እንደሚፈልግ መጠየቅም የዚያው አደራ ክፍል ነው። ሰው ነቅቶ የሚጠብቀው ለተኙት ብሎ ነውና፣ የተኙት ምን እንደሚያልሙ ማወቅ ይገባዋል።

ዛሬ ጠዋት ከቤት ስወጣ የሰፈራችንን ዘበኛ «እንዴት አደሩ?» አልኳቸውና እስኪመልሱልኝ ቆምኩ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ከባድ ዝናብ እንደ ጣለ ነገሩኝ። እኔ አልሰማሁም፤ ተኝቼ ነበር።